ከመጽሐፉ ቀድሞ የመጣ ገንዘብ

በ1997 የለንደን አሳታሚዎች ተጽፎ ያላለቀ አንድ ልቦለድ ለመግዛት ተሻሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጸሐፊዋ ስም ዜዲ ስሚዝ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የምትማር ልጅ ነበረች። እስከዚያ የታተመላት ነገር ቢፈለግ፣ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ሥራ በሚሰበሰብበት መድበል ውስጥ የወጡ ጥቂት አጫጭር ልቦለዶች ብቻ ናቸው። በመጨረሻ ረቂቁ በፔንግዊን ሥር ለሚሠራው አሳታሚ ለሃሚሽ ሃሚልተን ሆነ። ጋዜጦች የዘገቡት ዋጋ 250 ሺህ ፓውንድ ሲሆን ውሉ የሁለት መጻሕፍት ነው። አንደኛው በከፊል የተጻፈ ነበር፤ ሁለተኛው የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ነገር ሲወራ ብዙውን ጊዜ እንደ ተረት ነው የሚወራው። የስደተኛ ልጅ፣ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ድንገተኛ ገንዘብ፣ ዝና፤ በቃ። ገንዘቡ የታሪኩ መግቢያ ይሆንና አንባቢው ወደ መጽሐፉ ያልፋል። እኔ ግን የዜዲ ስሚዝን የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡ ላይ ቆም ማለት አለበት እላለሁ። ክፍያው ከመጽሐፉ መቅደሙ የመጀመሪያው ልቦለዷ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሁለተኛው በምን ሚዛን እንደሚመዘን፣ እሷም ከዚያ በኋላ ከምን ለመላቀቅ ስትታገል እንደኖረች ወስኗል።

ለመሆኑ ልምድ ያለው አሳታሚ ያላለቀ የተማሪ ጽሑፍ በዚያ ዋጋ ለምን ይገዛል? መልሱ ከጸሐፊዋ ተሰጥኦ ይልቅ በዘመኑ ገበያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ከ1900 ጀምሮ በብሪታንያ የመጽሐፍ ዋጋ የሚወሰነው በአሳታሚው ነበር። አሳታሚዎችና ነጋዴዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት የትኛውም መደብር ከተተመነው ዋጋ ዝቅ አድርጎ መሸጥ አይችልም ነበር። በ1995 ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከስምምነቱ ወጡ፤ በ1997 ደግሞ ፍርድ ቤት ደንቡ የሕዝብን ጥቅም ይጻረራል ብሎ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ባለብዙ ቅርንጫፍ መጻሕፍት መደብሮችና የምግብ ሱፐርማርኬቶች ሳይቀሩ ቅናሽ እያወጁ መሸጥ ጀመሩ። ቅናሽ ደግሞ ለሁሉም መጽሐፍ አይደረግም። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተከምረው ለሚታዩት ጥቂቶች ነው የሚደረገው። ስለዚህ አሳታሚው ሳይነበብ ወሬ የሚሆን፣ ደራሲው ራሱ ዜና የሆነ መጽሐፍ ማደን ያዘ።

በዚህ ገበያ ጀማሪ ደራሲ አንድ ጥቅም አለው። ሦስት መጻሕፍት ያሳተመ ሰው የሽያጭ ታሪክ አለው፤ ያለፈው መጽሐፉ ሦስት ሺህ ቅጂ ብቻ ከተሸጠ፣ ወኪሉ ምንም ያህል ቢያሞግሰው ቁጥሩ ይከራከረዋል። ጀማሪው ግን ቁጥር የለውም፤ የሚተመነው ተስፋው ብቻ ነው። ተስፋ ደግሞ ጣሪያ የለውም። በ1995 ማርቲን ኤሚስ የተባለው ስመ ጥር ልቦለድ ጸሐፊ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ጠየቀ ተብሎ የለንደን ጋዜጦች ለሳምንታት ተንጫጭተዋል። ኤሚስ ያን ጊዜ በሃያ ዓመት ሥራው የታወቀ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ተማሪ የዚያን ግማሽ አገኘች።

ስለ ክፍያው አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እኛ አገር ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ በቅናሽ አስረክቦ፣ ከዚያ ገንዘቡን ለመሰብሰብ የሚመላለስ ስለሆነ የእንግሊዞቹ ሥርዓት እንግዳ ሊመስል ይችላል። እዚያ አሳታሚው የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ከሽያጭ ድርሻ ላይ የሚታሰብ ነው። ለደራሲው የሚታሰብለት ድርሻ በተለመደው አሠራር በስስ ሽፋኑ እትም ከዋጋው ሰባት ተኩል በመቶ ያህል ነው። ቅድሚያው በዚህ ድርሻ እየተካካሰ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ገንዘብ አይመጣም። መጽሐፉ ሳይሸጥ ቢቀር ደራሲው አይመልስም፤ ኪሳራው የአሳታሚው ነው። ገንዘቡም በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ውሉ ሲፈረም፣ ረቂቁ ሲገባ፣ መጽሐፉ ሲወጣ እየተከፋፈለ ነው የሚሰጠው። ከእያንዳንዱም ወኪሉ ከመቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት ይነሳል።

እስቲ እንቁጠረው። ከ250 ሺህ ፓውንድ ግማሹ፣ 125 ሺህ፣ ለመጀመሪያው መጽሐፍ ነው እንበል። ስስ ሽፋኑ እትም በሰባት ፓውንድ ቢሸጥ የደራሲዋ ድርሻ ከአንድ ቅጂ ሃምሳ ሁለት ፔንስ ገደማ ነው። ያን ቅድሚያ ለማካካስ በዚህ ሒሳብ ወደ 240 ሺህ ቅጂ መሸጥ አለበት። የወፍራም ሽፋኑና የውጭ አገር ሽያጩ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ቢሆንም ልኩ ይታያል። ለአንድ ጀማሪ የሥነ ጽሑፍ ልቦለድ ጥቂት ሺህ ቅጂ ጥሩ ሽያጭ በሚባልበት አገር አሳታሚው የገባው ውርርድ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ውርርድ የገባ ድርጅት ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የማስታወቂያውን በጀት፣ የሽፋኑን ሥዕል፣ የቃለ መጠይቁን ቀጠሮ ሁሉ ወደዚያ መጽሐፍ ያዞራል። ልጁ ሳይወለድ ክርስትናው ተደገሰ ማለት ይህ ነው።

የተገዛችው ልጅ ማን ነበረች? በ1975 በሰሜን ምዕራብ ለንደን ተወለደች፤ ያደገችው ዊልስደን በተባለው ሰፈር ነው። እናቷ በ1969 ከጃማይካ ወደ እንግሊዝ የመጣች፣ አባቷ ከእናቷ በሠላሳ ዓመት ገደማ የሚበልጥ እንግሊዛዊ። አባቷ በወጣትነቱ በ1944 የኖርማንዲ ዘመቻ ላይ የተሰለፈ ወታደር ነበር፤ ስለዚያ ግን ብዙ የማይናገር ሰው እንደነበረ ልጁ ኋላ ጽፋለች። ስትወለድ የተሰጣት ስም ሴዲ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ራሷ የመጀመሪያውን ፊደል ቀየረችው። በልጅነቷ የመድረክ ውዝዋዜ ትወድ ነበር፤ ትምህርቷን የተከታተለችው በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። ዊልስደን አየርላንዳዊው፣ ጃማይካዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ ቤንጋሊው ጎን ለጎን የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ጎብኚ የማይሄድበት፣ ልቦለድም እምብዛም ያልጎበኘው።

ካምብሪጅ ሳለች ካሳተመቻቸው አጫጭር ልቦለዶች አንዱ በ1997ቱ መድበል የወጣውና ስለ ወይዘሮ ቤገም ልጅና ስለ አስጠኚው የሚተርከው ነው። የኋላውን ትልቅ ልቦለድ የሚያውቅ ሰው የእስያውያኑን ቤተሰብ ዘር እዚያ ያገኘዋል። አሳታሚዎችን ወደ እሷ የሳባቸውም በዚህ መድበል የወጣው ሥራዋ ነው። አንድ አርታኢ ሊያያት ፈለገ፤ እሷ ግን ቀድማ ወኪል ያዘች። በሃያ አንድ ዓመት ይህን ማሰብ ቀላል ብልሃት አይደለም፤ ወኪል ባትይዝ ኖሮ ሽሚያው አይኖርም ነበር።

«ዋይት ቲዝ»፣ ነጫጭ ጥርሶች፣ በጥር 2000 ወጣ። ደራሲዋ 24 ዓመቷ ነበር። ልቦለዱ የሚከፈትበትን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው፤ አሳታሚዎቹ ምን እንደታያቸው የሚገባን እዚያ ላይ ነውና። ቀኑ የ1975 አዲስ ዓመት፣ ሰዓቱ ገና ማለዳ ነው። አርቺ ጆንስ የተባለ በዕድሜው አጋማሽ ያለ እንግሊዛዊ፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ መኪናውን ክሪክልዉድ ብሮድዌይ ላይ አቁሞ መስኮቶቹን ዘግቷል። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ወደ ውስጥ ዘርግቶ ሞቱን ይጠብቃል። ይሙት አይሙት እንኳ የወሰነው ሳንቲም ወርውሮ ነው። ያቆመው ግን የአንድ ሐላል ሥጋ ቤት ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሞ ሑሴን እስማኤል ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ከሚያስቸግሩት እርግቦች ጋር በመጥረቢያ ይዋጋል። ሰውየውን አየው፤ መስኮቱን አስከፈተው፤ ሥጋ የጫነው መኪና እየመጣ ነውና እዚህ ራስን መግደል አይፈቀድም ብሎ አስነሳው። አርቺ ተረፈ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ምን እንዳደረገች እንመልከት። አንድ እንግሊዛዊ ሊሞት ሲል አንድ ሙስሊም ስደተኛ ነጋዴ አዳነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ስለ ሰብአዊነት ስብከት የሚጽፍበት አጋጣሚ ነበር። እሷ ግን የአዳኙን ምክንያት የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ አደረገችው። ሞ አርቺን አልወደደውም፣ አላዘነለትምም፤ ሥራውን ስላስተጓጎለበት ነው ያዳነው። ሰፈሩ የተለያየ ዘር ሰዎች የሚኖሩበት መሆኑ እንደ ችግር ወይም እንደ ጌጥ አልቀረበም፤ እንደ ማንኛውም የጠዋት ግርግር ነው የቀረበው። ሁለተኛው ነገር ተራኪው ነው። ሁሉን የሚያውቅ፣ በሁሉም ላይ የሚያላግጥ፣ ስልሳ ዓመት የኖረ የሚመስል ድምፅ ነው። የተቆራኘው ከዲከንስ ጋር ነው፣ በመንገዱም በሰልማን ሩሽዲ በኩል አልፏል። ሩሽዲ ራሱ መጽሐፉን ገና ሳይወጣ አወድሶ ጽፎለታል። የዚያ ድምፅ ባለቤት ተማሪ ናት ሲባል አርታኢው መደንገጡ አይገርምም።

ቀሪው መጽሐፍ ሦስት ቤተሰቦችን ይከተላል። አርቺ ጃማይካዊቷን ክላራን ያገባል። የጦር ሜዳ ጓደኛው ሳማድ ኢቅባል መንታ ልጆቹን፣ ማጂድንና ሚላትን፣ ለመለያየት ወስኖ አንዱን ወደ ባንግላዴሽ ይልከዋል፤ ሃይማኖተኛ ሆኖ እንዲያድግ የተላከው እንግሊዝን የሚያመልክ ጠበቃ ልሁን ባይ ሆኖ ሲመለስ፣ ለንደን የቀረው አክራሪ ይሆናል። የአክራሪዎቹ ቡድን ረጅም ስም በምሕጻረ ቃል ሲጻፍ «ኬቪን» ይሆናል፤ ተራ የእንግሊዝ ወንድ ስም። ሦስተኛው ቤተሰብ ዘረመሏ የተለወጠ አይጥ የሠራው የሳይንቲስቱ የቻልፈን ቤተሰብ ነው። በ1992 የመጨረሻ ምሽት የይሖዋ ምሥክሮች፣ አክራሪዎቹ፣ የእንስሳት መብት ታጋዮችና ዘመድ አዝማድ ሁሉ አይጧ በምትታይበት አዳራሽ ይገናኛሉ።

መጽሐፉ ተሸጠ፤ ውርርዱ ተሳካ። የዊትብሬድ የመጀመሪያ ልቦለድ ሽልማት፣ የጋርዲያን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት፣ የጄምስ ቴይት ብላክ መታሰቢያ ሽልማት ተከታተሉ፤ በ2002 ቻናል ፎር የቴሌቪዥን ድራማ አደረገው። ፎቶግራፏ በየጋዜጣው ወጣ። ጊዜውም አግዟታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ሥልጣን ከያዙ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር፣ አዲሱ መንግሥትም ዘመናዊ ብሪታንያ እያለ ይሰብክ ነበር። በሌላ በኩል ጥቁሩ ወጣት ስቲቨን ሎረንስ በነጮች ቡድን የተገደለበትን ጉዳይ የመረመረው ኮሚሽን የለንደን ፖሊስን በተቋማዊ ዘረኝነት የወቀሰው በየካቲት 1999 ነው። አገሪቱ ስለ ራሷ የሚያስደስት ወሬ ተርባ ነበር። ዜዲ ስሚዝ የዚያ ወሬ ፊት ሆነች። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ ከጋዜጦቹ ይልቅ ተጠራጣሪ ነው። በብራድፎርድ በ1989 የሩሽዲን መጽሐፍ ያቃጠሉት ወጣቶች እዚያ ውስጥ አሉ። ግን ያን ሰሞን መጽሐፉን እንደ ማስጠንቀቂያ ያነበበው ጥቂት ነው።

እሷ ራሷ ከአጨብጫቢዎቹ ጋር አልነበረችም። መጽሐፉ በወጣበት ሰሞን «በተርፍላይ» በተባለች ትንሽ መጽሔት ላይ በራሷ ልቦለድ ላይ ሂስ ጻፈች፤ መጽሐፉ እረፍት እንደሌለው፣ እየጨፈረ ዓይን የሚስብ የአሥር ዓመት ልጅ መሆኑን በማላገጥ አሳየች። ከማንም በፊት ጣቷን ቁስሏ ላይ አደረገች ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ብልጣብልጥነት ቆጥረውታል። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሲያዩ ግን ብልጣብልጥነት እንዳልነበረ ይገባል።

በሐምሌ 2000 እንግሊዛዊው ሐያሲ ጄምስ ዉድ «ዘ ኒው ሪፐብሊክ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ዉድ ያነሳው ነጥብ ቀላል የሚመስል ግን ጥርስ ያለው ነው። ከዲከንስ የመነጨ አዲስ ዓይነት ትልቅ ልቦለድ መጥቷል፤ ታሪክ በታሪክ ላይ ይቆልላል፣ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ይገጣጠማል፣ ዝምታን እንደ ውርደት ይፈራል ይላል። በዚህ ውስጥ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በግጥምጥሞሽ እንጂ በሰውነታቸው አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ያበደ እውነታዊነት የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ሰጠው። ከዶን ዴሊሎ፣ ከፒንቾን፣ ከሩሽዲና ከዴቪድ ፎስተር ዋላስ ጋር የ24 ዓመቷን ልጅ በአንድ ረድፍ አሰለፋት። ከምሳሌዎቹ አንዱ፣ ማጂድ በባንግላዴሽ አፍንጫው ሲሰበር ሚላትም በለንደን አፍንጫው መሰበሩ ነው።

ዉድ ልክ ነው? ግማሹን። የአፍንጫው ነገር ትክክል ነው፤ የአይጧ አዳራሽም መጨናነቁ አይካድም። ነገር ግን ስለ ሳማድ የተጻፉትን ገጾች የሚያነብ ሰው ዉድ የዘለለው ነገር እንዳለ ያያል። ሳማድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ እጁ ከጥቅም ውጪ የሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። በለንደን መሀል በዘመዱ ምግብ ቤት ካሪ ያቀርባል፤ ጉርሻው ከሌሎቹ ጋር ይደባለቅና ይካፈላል። አንዳንድ ሌሊት ደረቱ ላይ ጽሑፍ ለጥፎ መዞር ይመኛል፤ እኔ አስተናጋጅ ብቻ አይደለሁም፣ ተማሪ ነበርኩ፣ ወታደር ነበርኩ፣ ሚስት አለችኝ የሚል። እዚህ ላይ ምንም ግጥምጥሞሽ የለም። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ሆቴል ውስጥ ሳህን የሚያነሳ አበሻ ያንን ገጽ ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግዲህ የመጽሐፉ እውነተኛ ተስፋ በዚያ ነበር። ግን ገበያው የገዛው ጩኸቱን ነው፣ ሐያሲውም የመታው ጩኸቱን ነው።

ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ዉድ በጋርዲያን ላይ ተመልሶ መጣና፣ ከእንግዲህ ብልጣብልጥ ልቦለድ ይብቃ አለ። እሷ ከሳምንት በኋላ፣ በጥቅምት 13 ቀን 2001፣ በዚያው ጋዜጣ መለሰች። የሚጠበቀው መከላከያ ነበር፤ የጻፈችው ግን ቃሉ ለራሷ መጽሐፍ እጅግ የሚያምም ትክክለኛ ቃል እንደሆነ የሚያምን ጽሑፍ ነው። ቀጥላ ግን መረቡ በጣም ሰፍቷል፣ አንድ ላይ የማይገቡ ጸሐፊዎችን አግበስብሷል አለች። እኔ በዚህ መልስ ውስጥ ከትሕትና ይልቅ ነፃነት ነው የሚታየኝ። ስለ መጽሐፏ የሚነገረውን የመምረጥ መብት ከአሳታሚው ማስታወቂያ ክፍል ላይ መልሳ ወሰደች።

ውሉ ግን ሁለተኛ መጽሐፍ ይጠይቅ ነበር። «ዘ ኦቶግራፍ ማን» በ2002 ወጣ። ባለ ታሪኩ አሌክስ ሊ ታንደም፣ አባቱ ቻይናዊ እናቱ ይሁዲ የሆነ፣ የዝነኞችን ፊርማ እየገዛ የሚሸጥ ወጣት ነው። ሐያስያኑ ቀዝቀዝ ብለው ተቀበሉት፤ ዉድም እንደገና ወቀሰው። በ2003 ለይሁዲ ጉዳይ ነክ መጻሕፍት የሚሰጠውን የዊንጌት ሽልማት ማግኘቱ ብዙም አላዳነውም። እውነት ለመናገር መካከሉ ይንዛዛል፤ ቀልዱም አንዳንዴ ለራሱ ነው የሚስቀው። መቅድሙ ግን ግሩም ነው፦ ልጁ ከአባቱ ጋር የነጻ ትግል ሊያይ ሮያል አልበርት አዳራሽ ሄዶ፣ በዚያው ምሽት አባቱን ያጣል። ደግሞ ርዕሰ ጉዳዩን አስተውሉት። በወረቀት ላይ የሰፈረ የአንድ ሰው ስም፣ ከሰውየው ሥራ ተነጥሎ፣ ለብቻው ዋጋ ሲወጣለት የሚያሳይ ልቦለድ ነው። በሃያ አንድ ዓመቷ ፊርማዋ 250 ሺህ ፓውንድ የተተመነ ጸሐፊ ስለ ሌላ ነገር መጻፍ ትችል ኖሯል?

ከዚህ መጽሐፍ ጋር ውሉ አለቀ። ጥናት ያደረጉባት ብዙዎች ይህን ቀን አይቆጥሩትም፤ እኔ ግን ሥራዋ ለሁለት የሚከፈልበት እዚህ ነው ባይ ነኝ። በ2002 ወደ አሜሪካ ሄዳ በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ለአንድ ዓመት ተመራማሪ ሆነች፤ ስለ ልቦለድና ሥነ ምግባር ድርሳን ለመጻፍ ነበር ሐሳቧ። ያ መጽሐፍ በታሰበው መልክ አልወጣም። የተረፈው ነገር ግን ንባብ ነው፣ በተለይ የኢ. ኤም. ፎርስተር ንባብ። ፎርስተር በዚያው በኪንግስ ኮሌጅ የተማረ፣ በእርጅናው ተመልሶ እስኪሞት ድረስ የኖረበት ሰው ነው። ዝግ ያለ፣ ገጸ ባሕርያቱን እንዲሳሳቱ የሚተዋቸው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጸሐፊ ነው። ለእሷ የመጀመሪያ መጽሐፍ ተቃራኒ የሆነ አስተማሪ ቢፈለግ ከእሱ የተሻለ አይገኝም።

«ኦን ቢዩቲ» የፎርስተርን የ1910 ልቦለድ «ሃዋርድስ ኤንድ» አጽም ወስዶ፣ በቦስተን አቅራቢያ በምትገኝ ፈጠራ የሆነች የኮሌጅ ከተማ ላይ ሥጋ ያለብሰዋል። የፎርስተር መጽሐፍ በደብዳቤዎች ይጀምራል፤ የእሷ በኢሜይል። እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ምሁር ሃዋርድ ቤልሲና ጥቁር አሜሪካዊት ሚስቱ ኪኪ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ትዳር በእሱ ክህደት ይናጋል። ሃዋርድ ስለ ሬምብራንት ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ የኖረ፣ ነገር ግን ሥዕል መውደድ የሚያሳፍረው ሰው ነው።

ስለ አጻጻፉ ራሷ በ2008 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች በሰጠችው ንግግር ተናግራለች። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ስትጽፍና ስትሰርዝ ሁለት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀረም። ተራኪው በማን ዓይን ይይ፣ በየትኛው ጊዜ ይናገር፣ ምን ያህል ይራቅ እያለች ሃያዎቹን ገጾች ደጋግማ ገለበጠቻቸው። ድምፁ በተስተካከለ ጊዜ ቀሪው መጽሐፍ በአምስት ወር አለቀ። አምስት ወሩን ሰምቶ የሚደነቅ ብዙ ነው፤ መደነቅ ያለበት ሁለቱ ዓመት ነው። በካምብሪጅ ሳለች በውል የታሰረ የማስረከቢያ ቀን ነበራት፣ ፎቶ አንሺዎቹም ይጠብቁ ነበር። አሁን በሃያ ገጽ ላይ ሁለት ዓመት መቀመጥ ቻለች። የመጀመሪያው መጽሐፍ ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ የገዛላት ነገር ይህ ጊዜ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ያስጨነቃት ገንዘብ ያው ገንዘብ ነው። በዚያው ንግግር ላይ ለተማሪዎቹ የሰጠችው ምክር ረቂቅን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ቢቻል ዓመት፣ ካልሆነም ሦስት ወር ማቆየት ነው። «ዋይት ቲዝ»ን መልሳ ለማንበብ ሞክራ አሥር ዓረፍተ ነገር ሳትሻገር እንዳቅለሸለሻትም ተናግራለች።

«ኦን ቢዩቲ» በ2005 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ሆነ፤ በ2006 ለሴት ልቦለድ ጸሐፊዎች የሚሰጠውን፣ ያን ጊዜ ኦሬንጅ ይባል የነበረውን ሽልማት አሸነፈ።

በዚህ መካከል ገበያው ቀጣዩዋን ዜዲ ስሚዝ ሲፈልግ ነበር። በኢባዳን ተወልዳ ለንደን ያደገችው ሄለን ኦዬዬሚ የመጀመሪያ ልቦለዷን የጻፈችው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስትዘጋጅ ነው። «ዘ ኢካረስ ገርል» በ2005 ሲወጣ እሷም የካምብሪጅ ተማሪ ነበረች፤ ጋዜጦቹም ንጽጽሩን ለመጻፍ አልሰነፉም። የኦዬዬሚ መጽሐፍ ግን ስለ አንዲት ብቸኛ ሕፃንና ስለ መንፈስ መንትያዋ የሚተርክ፣ የሰፈር ግርግር የሌለበት ጨለም ያለ ታሪክ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ዕድሜያቸው፣ ዩኒቨርሲቲያቸውና የቆዳ ቀለማቸው ብቻ ነው። ገበያው አንድ ጊዜ ያተረፈበትን ነገር ሁለተኛ ለማግኘት ሲሞክር የሚያየው ፊቱን ነው፣ ገጹን አይደለም።

ዜዲ ስሚዝ ወደ ዊልስደን በልቦለድ የተመለሰችው በ2012 ነው፣ «ኤን ደብልዩ» በተባለው አራተኛ ልቦለዷ። ርዕሱ የሰሜን ምዕራብ ለንደን የፖስታ ኮድ ነው። ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው፣ የኪራይ ቤቶቹም ያው፤ ሁሉን አዋቂው ተራኪ ግን የለም። ከመጽሐፉ ክፍሎች አንዱ የአንዲትን ሴት ሕይወት በ185 ቁጥር በተሰጣቸው ቁርጥራጮች ይተርካል፤ አንዳንዱ ገጽ፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር። አንድ ሰው መንገድ ላይ ይገደላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ሁሉንም ሰብስቦ የሚያስረዳ አዳራሽ የለም። ከ«ዋይት ቲዝ» ያነሰ ያስቃል፣ ብዙ አንባቢም በዚህ ተከፍቷል። እኔ ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ።

በሚያዝያ 2013 «ግራንታ» መጽሔት በየአሥር ዓመቱ የሚያወጣውን፣ ከአርባ ዓመት በታች ያሉ ሃያ ተስፋ የሚጣልባቸው ብሪታንያውያን ልቦለድ ጸሐፊዎች ዝርዝር አወጣ። በ1983 ሩሽዲና ኢሺጉሮ የነበሩበት ዝርዝር ነው። ዜዲ ስሚዝ በ2003ቱ ላይ ነበረች፤ በ2013ቱም አለች። ኦዬዬሚም አለች። የመጀመሪያ ልቦለዷን በዚያው ዓመት ያወጣችው ታዬ ሴላሲም አለች። ዜዲ ያን ጊዜ አራት ልቦለድ አሳትማ ነበር፣ ዕድሜዋም 37 ነበር፤ በመጽሔቱ ሕግ መሠረት ገና ወጣት ነበረች።